ያልተፈተሸ ኪስ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከምድር ቤት ላውንደሪ፣
ዐሥራ ሁለት ዓመት ልብስ አጥቤ ተኩሻለሁ።
የሥራው መጀመሪያ ኪስ መበርበር ነው፦
ሳንቲም፣ ደረሰኝ፣ ስም የሌለው ስልክ ቁጥር፣
አንድ ቀን የወርቅ ጥርስ፣
አንድ ቀን በክር የታሰረ የሕፃን ፀጉር።
ሁሉንም በላስቲክ አስሬ
ከሸሚዙ አንገት ላይ አንጠለጥላለሁ።
የሰው ምስጢር አልነካም።

የልጄን ኪስ ግን እንደ ሌባ ገባሁበት።

ኑርሁሴን።
በስድስት ዓመቱ ለእናቴ ትቼው የወጣሁ፣
በሐዋላ ያሳደግኩት፣
ቁመቱን በሱሪ ቁጥር የማውቀው ልጄ።
«እማ፣ አሁን ሠላሳ ሁለት ነው የምለብሰው» ሲለኝ
ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።
በዐሥራ ሰባቱ ከኮምቦልቻ አስመጣሁት፤
አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ክፍል፣
እኔ የሌሊት ፈረቃ፣
እሱ ከማይገባው ቋንቋ ጋር ብቻውን።

ክኒኑን ማን እንደሰጠው ዛሬም አልጠየቅኩም።
መጀመሪያ እንቅልፉ ሆነ፣ ቀጥሎ ጓደኛው፣
ቀጥሎ አሠሪው።
ያገኘሁት በጂንሱ ትንሿ ኪስ ውስጥ ነው፣
ለምን እንደተሰፋች ማንም በማያውቃት፤
ግማሽ ፍሬ፣ በማስቲካ ወረቀት የተጠቀለለ።

ካውያ ልብስ ሲያቃጥል ውሃ እረጫለሁ፤
ልጅ ከውስጥ ሲቃጠል በምን አጠፋለሁ?

ከዚያ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ጠረን ብቻ ናቸው።
አንሶላውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣
እግሩ ግድግዳውን እየረገጠ፣
ስኳርና ጨው በጥብጬ በማንኪያ እየሰጠሁት፣
ፍራሼን በሩ ላይ አጋድሜ፣ ቁልፉን ጡቴ መሃል ደብቄ።
ከኮምፔንሳቶው ማዶ ያሉት ባልና ሚስት
አንድም ቀን ዝም በሉ አላሉንም፤
ባልየው ብቻ፣ ልጄ ሲጮኽ፣
ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርግልን ነበር፣
ሌላው ጎረቤት እንዳይሰማ።

ሱዳናዊቷ ሐኪም ሳቀችብኝ፦
«ቁልፉን አውጪው። ቁልፍ ያጣ መስኮት ያገኛል፤
እናንተ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ናችሁ።»
ካርድ ሰጠችው፣ ቀኖቹ በእስክሪብቶ የሚቆጠሩበት።
በሃያ ዘጠነኛው ቀን ጠፋ።
ኮርኒሽ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ መሃል አገኘሁት፣
ከንፈሩ ደርቆ፣ በሐምሌ ወበቅ እየተንቀጠቀጠ።
ልመታው ያነሳሁት እጅ ላቡን ጠረገለት።
ምን ልበል? «አብሽር» አልኩት።
እኔ ራሴ አልተበሸርኩም።
ካርዱ ላይ ከአንድ ጀመርን።

አንድ ማታ ከሥራ ገብቼ ሳቅፈው
ቀስ ብሎ ትከሻዬን ገፋ፦
«እማ፣ ስታቅፊኝ አታሽቺኝ።»

እውነቱን ነው። አሸትተው ነበር።
አፉን፣ አንገቱን፣ የሸሚዙን ጠርዝ፤
እንደ ልብስ ነበር የማቅፈው፣ እድፉን እየፈለግኩ።
ያን ሌሊት ትንፋሼን ይዤ ማቀፍ ተለማመድኩ፤
ትራሱን አቅፌ፣ እንደ ዕብድ።

ባለፈው ዓርብ ሱሪውን አጠብኩለት።
እጄ ወደ ኪሱ ሄደ፣ ልማድ ነው፣
ጠርዙ ላይ አቆምኩት።
አቆምኩት እንጂ ቀላል አልነበረም፤
ማሽኑን ዘግቼ እስኪያልቅ ፊቱ ተቀመጥኩ።

ሲከፈት ልብሱ ሁሉ ነጭ በነጭ፣
የረጠበ የወረቀት ፍርፋሪ፦
ካርዱ ኖሯል።
ሐኪሟ የጻፈችው ሁሉ ውሃ ሆኗል፣
ጥቁር ካልሲዎቹ ላይ ተለጥፏል።

«ገደልኩት» አልኩ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣
«ቀኖችህን አጠብኳቸው።»

ጎኔ ተቀምጦ ፍርፋሪውን ይለቅም ጀመር፤
ሲለቅም ዘገየ።
«ኪሴን አላየሽም?» አለ።
«አላየሁም።»
ካልሲውን አገላበጠ፣
ፊቱን አላዞረልኝም፣
«አርባ ሦስት ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለ።

ነገ አርባ አራት ይሁን አይሁን አላውቅም።
ካልሲው ግን እስካሁን አልጠራም።